ዕጢው ወጥቶ ሳለ እናቴን ለምን ጣላት? ከሳቢያን የተነሳ ጥያቄና 26 መልስ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ከሰባት ወር በፊት አዲስ አበባ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። የዕጢው ስም ሜኒንጂዮማ ይባላል። አንጎልን በሚሸፍነው ልባስ ላይ፣ በግራ በኩል ነበር የበቀለው። የፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣው ሥጋ ምርመራ፣ ውጤቱ ካንሰር እንዳልሆነ ይናገራል። ሐኪሟም ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ብሎናል።

መጀመሪያ ዕጢው የታወቀው እንደ የሚጥል በሽታ ስለጣላት ነው። ከኦፕሬሽኑ በፊት ሁለት ጊዜ ጥሏታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ኬፕራ፣ ማለትም ሌቬቲራሴታም፣ 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ምንም አልነበረም። ገበያ ትሄዳለች፣ ዕድሯን ትካፈላለች። ነገሩን እየረሳነው ነበር።

ረቡዕ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና አፍልታ አቦሉን ቀዳች። ሲኒውን ልታቀብለኝ እጇን ስትዘረጋ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይጋጭ ጀመር። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሳየው የቀኝ አውራ ጣቷ ብቻ ነው የሚዘለው። ቡናው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ከጣቷ ወደ ክንዷ ወጣ፣ አፏ ወደ ቀኝ ተሳበ። እማ ብዬ ስጠራት ታየኛለች፣ መመለስ ግን አልቻለችም። ከዚያ ወደቀች። መላ ሰውነቷ ሁለት ደቂቃ ያህል ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት ሮጣ መጥታ ክብሪት ጭራ አፍንጫዋ ስር ያዘች። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ከማልቀስ በቀር የሠራሁት የለም።

ስትነቃ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ስትሮክ መታት ብለን ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ እጇ ተመለሰ። ስኳርና ግፊቷን ለክተው ደህና ነው አሉ፤ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩ ብለው ላኩን። ሐኪሟን እስካሁን በስልክ አላገኘሁትም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዕጢው ተመልሶ ነው? ኦፕሬሽኑ ሳይሳካ ቀርቶ ነው? መድኃኒቱን እኔ ልጨምርላት ወይ? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የመጡት መልሶች

ይህን የጻፍኩት ሐሙስ ጠዋት ነበር። እስከ እሁድ ማታ 26 መልስ ገባ። ወንድሞቼ የውይይቱን ክር በሙሉ ለማንበብ ጊዜ የላቸውም። ሌላም ሰው ይጠቀምበት ይሆናል ብዬ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ።

መልስ 1 ከአንዲት የከዚራ ሴት ነው። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ ብላ ጀመረች። የሕክምና እውቀት እንደሌላት፣ ግን የሚያውቁ ሰዎች እስኪመጡ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ እንደጻፈች ተናገረች። ያን ጠዋት የሚያስፈልገኝ እሱ ነበር።

መልስ 2 ሐረር የምትሠራ ነርስ ናት። የጻፈችው ረጅም ነው፤ እኔም ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የኦፕሬሽኑ መሳካትና የመጣሉ መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለች። ዕጢው በወጣበት ቦታ ዙሪያ ያለው የአንጎል ክፍል ለረጅም ጊዜ ሲጫን የኖረ ነው። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። አንጎል የሚሠራው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። የተቆጣው ቦታ ያንን መልእክት አንዳንዴ ከልክ በላይ ይለቀዋል። መጣል ማለት ይሄ ነው።

ቁጥርም ሰጠችኝ። ሜኒንጂዮማ ካለባቸው ከ10 ሰው 3 ያህሉን ከኦፕሬሽን በፊት ይጥላቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከኦፕሬሽን በኋላ ከ10ሩ 7 ያህሉን ዳግም አይጥላቸውም። የቀሩት መድኃኒትና ክትትል ይፈልጋሉ። ከዚህ በፊት ጥሏቸው የማያውቁ ሰዎችም አሉ፤ ከእነሱ ከ8ቱ አንዱን ያህል ከኦፕሬሽን በኋላ ሊጀምረው ይችላል። ስለዚህ እናቴን የገጠማት ነገር እንግዳ አይደለም።

ስለ እጇም አስረዳችኝ። የግራ አንጎል ቀኝ እጅን ያዝዛል። መጣሉ ከአውራ ጣት ተነስቶ ወደ ክንድና ወደ ፊት የሄደው በአንጎል ላይ የእነዚህ ክፍሎች ቦታ ጎን ለጎን ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ድካም ደግሞ የቶድ ሽባነት ይባላል። የደከመው የአንጎል ክፍል እስኪያገግም ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ቢሆንም ድንገተኛ ክፍል መሄዳችሁ ልክ ነበር አለች። ቤት ውስጥ ሆኖ ከስትሮክ መለየት አይቻልም።

መልስ 3 ድሬ ተወልዶ ያደገ አባት ነው። የነርሷን ቃል ወደ ሰፈራችን አመጣው። የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ውኃው በሰዓታት ውስጥ አለፈ፣ ደለሉና ድንጋዩ ግን ስንት ጊዜ መንገድ ዘግቶ ቆየ ብሎ ጠየቀ። የአንጎሉንም ጉዳይ እንደዚያ አስቢው አለኝ። ለእናቴ ያስረዳኋት በእሱ አባባል ነው። ያን ጎርፍ ስላየች ወዲያው ገባት።

መልስ 4 የጠየቀው ስለ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ከአንጎል በታች ባለው፣ ሆርሞን በሚያመነጨው ፒቱታሪ በሚባል ክፍል ላይ ዕጢ በቅሎበት በአፍንጫ በኩል ኦፕሬሽን ተደርጎለታል። አንድም ቀን ጥሎት አያውቅም። ታዲያ እሱስ ይህን መድኃኒት ለምን አልተሰጠውም፣ ተረስቶ ይሆን ብሎ ሰጋ።

መልስ 5 ነርሷ ተመልሳ ነው። አልተረሳም አለችው። መጣል የሚመጣው በአብዛኛው ከአንጎል የላይኛው ክፍል፣ ከቅርፊቱ ነው። ከፒቱታሪም ሆነ ከኋላ ካለው ትንሹ አንጎል የሚነሳ ዕጢ እምብዛም አይጥልም። ጥሎት የማያውቅን ሰው እንዲያው ለጥንቃቄ ብሎ ለዓመታት መድኃኒት ማስዋጥ አይመከርም። የአሜሪካ ኒውሮሎጂ (የነርቭ ሕክምና) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህንን አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአሜሪካና የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያም አጽንቶታል። አንዳንድ ሐኪሞች ለኦፕሬሽኑ ሰሞን ብቻ ይሰጡና ያቆማሉ። እንደ እናቴ አስቀድሞ የጣለው ሰው ግን መድኃኒቱ ይቀጥልለታል።

መልስ 6 ክሩን አሞቀው። ሰውየው በቁጣ ነው የጻፈው። ሐኪሞቹ ዕጢውን ግማሽ ትተው ገንዘባችሁን በልተዋል፣ ክሰሺ አለኝ። የራሱን ሰው በሞት እንዳጣ ከጽሑፉ መጨረሻ ይታያል። አዘንኩለት። ግን ልቤን ያራደው እሱ ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

መልስ 7 ራሷ ከአራት ዓመት በፊት ኦፕሬሽን የተደረገላት ሴት ናት። ለ6ኛው በጠንካራ ቃል መለሰችለት። የአንጎሏን ፎቶ፣ ኤምአርአዩን፣ ሳታይ አትፍረድ አለችው። አንጎል ላይ የሚሠራ ሐኪም አንዳንዴ ጥቂት ዕጢ አውቆ ይተዋል። መናገርን ወይም መራመድን የሚያዝዝ ቦታ ላይ ከተጣበቀ ሁሉንም መፋቅ ሰውየውን ሽባ ሊያደርገው ወይም ንግግሩን ሊያሳጣው ይችላል። የእሷም ዕጢ እንዲህ ቀርቷል፤ በየዓመቱ እየታየ ነው። አያይዛም በአገራችን የኒውሮሰርጀሪ፣ ማለትም የአንጎል ቀዶ ጥገና፣ ስልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 መሆኑን አስታወሰች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ባለሙያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እኔም ሆንኩ እናትሽ በሕይወት ያለነው በዚያ ምክንያት ነው ብላ ዘጋች። 6ኛው ሰውዬ ደግሞ አልጻፈም። ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 8 ስለ ክብሪቱ ነው። ጸሐፊው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። የክብሪት ጭስ የሚጥለውን ሰው አያነቃም አለ። ሰውየው የሚነቃው አንጎሉ ራሱ ሲረጋ ነው፤ ጭሱ ደግሞ መተንፈስ ያስቸግረዋል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። መሠራት ያለበት ቀላል ነው። ሰዓት ማየት። ጭንቅላቱ ስር ልብስ ማድረግ። ከአጠገቡ እሳትና ስለት ማራቅ፤ በእኛ ቤት ከሰሉና ጀበናው ነበሩ። መንፈራገጡ ሲቀንስ በጎኑ ማስተኛት፣ ምራቁ እንዲወጣ። አጥብቆ አለመያዝ። አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው ቶሎ ሆስፒታል።

መልስ 9 ተከራከረው። ማንኪያ በጨርቅ ጠቅልለን ጥርሱ መሃል ካላደረግን ምላሱን ይቆርጠዋል፣ አያቶቼም እንደዚያ ያደርጉ ነበር አለ። መልስ 10 የጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። በማንኪያ የተሰበረ ጥርስ ነቅሎ እንደሚያውቅ፣ የተነከሰ ምላስ ግን በአብዛኛው በራሱ እንደሚድን ነገረው። 9ኛው አመሰገነ። እንዲህ በትህትና የሚመለስ ሰው ብርቅ ነው።

መልስ 11 ስለ ጠበል ነው። ሴትየዋ አክስቷን ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይዛ ስትሄድ አክስቷ መድኃኒቷን ቤት ትታ ነበር። እምነቷን የምታሳይበት መንገድ መስሏታል። ደንገጎን ወጥተው ብዙም ሳይርቁ መኪና ውስጥ ጣላት። ቁልቢ ሲደርሱ አንድ አባት ታሪኩን ሰምተው መድኃኒቱንም የፈጠረው እሱ ነው፣ ከጠበሉ ጋር ውጪው ብለው ገሠጿት። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቷ ብልቃጥ ከጠበሉ ጠርሙስ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚጓዘው። እናቴ ይህን ሳነብላት ራሷን ነቀነቀች። ለምን እንደነቀነቀች ኋላ ነው የገባኝ።

መልስ 12 ከመጋላ የመጣ ነው። ባሏ ከኦፕሬሽን በኋላ የመጀመሪያውን ረመዳን እንዴት እንዳሳለፈ ተረከች። በሽተኛ መጾም ግዴታው አይደለም፤ እሱ ግን መጾም ፈለገ። ሐኪሙን ቀድመው ጠየቁ። አንዱን ኪኒን በኢፍጣር ሌላውን በሱሁር አደረጉለት። ያስቸገረው ኪኒኑ ሳይሆን እንቅልፉ ነበር። ከተራዊሕ በኋላ እያመሸ፣ ለሱሁር እየተነሳ፣ በሁለተኛው ሳምንት እጁ መዝለል ጀመረ። ሐኪሙ ጾሙን አስቆመው። እሷም እያለቀሰ ምሳ እንዳበላችው ጻፈች። ይህን ክር ለማንም ሳሳይ መጀመሪያ የማስነብበው መልስ 12ን ነው።

መልስ 13 እና 14 ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ እናቴን ለምርመራ አዲስ አበባ በባቡር ውሰጃት አለ፤ ሌላው አውቶቡስ ይሻላል አለ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ መውጣቱ፣ የድሮው ለገሃር እንዴት አማካይ ቦታ እንደነበር፣ ቲኬት እንዴት እንደሚገኝ ብዙ ተባባሉ። ከክርክራቸው የተጠቀምኩት አንድ ነገር አለ። ባቡር ውስጥ ተነስቶ መንቀሳቀስ ይቻላል፤ ከጣላትም ወለሉ ላይ በጎኗ ማስተኛት እችላለሁ።

መልስ 15 አጭር ነው። የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ አለ። የመድኃኒቱን ካርቶንና የኪኒኑን ፕላስቲክ ጀርባ አይተሽ የተጻፈውን ቁጥር ንገሪኝ አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

መልስ 16 እኔ ራሴ ነኝ። ዓርብ ማታ ነበር። እናቴ ኪኒኗን ከዋጠች በኋላ ካርቶኑን አወጣሁት። ያው ስም፣ ያው ፋብሪካ፣ ቀለሙም ተቀራራቢ ነው። ከስሙ ሥር 250 ይላል። ያለፈውን ባዶ ካርቶን ከመሳቢያ ፈልጌ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። 500 ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። አዲሱ ካርቶን ከተጀመረ ያን ዕለት 12 ቀኑ ነው። እናቴ 12 ቀን ሙሉ ግማሽ መጠን ነው የወሰደችው።

ከዚያ ቆጠርኩ። ካርቶኑ 60 ፍሬ ነበረው። በቀን ሁለት፣ በ12 ቀን 24 ይወሰዳል። 36 መቅረት ነበረበት። የቀረው 39 ነው። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 39። እናቴን ጠየቅኋት። ዝም አለች። ቆይታ ነገረችኝ። ከእሁድ እስከ ማክሰኞ የጎረቤታችን ለቅሶ ነበር። ሦስቱንም ሌሊት ድንኳን ውስጥ ነው ያደረችው፣ ሐዘንተኛዋ አጠገብ። ማታ ማታ ኪኒኑን ለመዋጥ ወደ ቤት መመለስ አፈረች። ሰው ስትውጥ እንዳያያት ብላ ነው። በሦስተኛው ማግስት ጣላት።

ግማሽ መጠን፣ ሦስት የተዘለለ ኪኒን፣ ሦስት ሌሊት ያለ እንቅልፍ። ይህን ጽፌ ስጨርስ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

መልስ 17 የፋርማሲውን ስም አውጪ የሚል ነበር። አላወጣሁም፣ አላወጣምም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ካርቶኖች ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። 500ው አልቆባቸው በ250 እንደሰጡ፣ ሁለት ሁለት እንዲዋጥ መንገር እንደነበረባቸው አመኑ። ማዘዣው ላይ ደግሞ በግልጽ 500 ይላል። ሳልመለከት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እናደዳለሁ አሁንም። ነገር ግን ከተማችን ውስጥ ይህን መድኃኒት የምናገኝባቸው ቤቶች ብዙ አይደሉም።

መልስ 18 ያው የፋርማሲ ባለሙያ ነው። ያመለጠውን ለማካካስ በአንድ ጊዜ ደርበሽ እንዳትሰጫት ብሎ አስጠነቀቀኝ። ያመለጠ ኪኒን ቶሎ ከታወሰ ወዲያው ይዋጣል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ ግን ይታለፋል። መጠኑን ሐኪሟ ይወስን አለ። ስለ ሙቀቱም ነገረኝ። አብዛኛው ካርቶን ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ድሬ ደግሞ ከዚያ በላይ የምትሆንባቸው ወራት ብዙ ናቸው። ቆርቆሮ ስር ካለ መደርደሪያ፣ ከኩሽና፣ ከመኪና ውስጥ አርቁት፤ የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይበቃዋል።

ያን ቅዳሜ ሐኪሟን በስልክ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ወደ 500 ጠዋትና ማታ ተመለሱ አለ፤ እጃችን ላይ ያለው እስኪያልቅ ሁለት ሁለት ባለ 250። መጠኑን ለጊዜው አልጨመረም፤ መድኃኒቱ አቃተው የሚባለው በትክክል እየተወሰደ ሳለ ሲጥል ነው አለኝ። ግን ከወራት ጸጥታ በኋላ አዲስ መጣል ከመጣ ፎቶው መታየት አለበት ብሎ ለዓመቱ የታሰበውን ኤምአርአይ አቀረበው። መንስኤ አገኘን ብለን ሌላውን አንተወውም አለ። ይህ አነጋገሩ አሳረፈኝ።

መልስ 19 መድኃኒቱን ከመደብር ውጭ፣ ከድንበር የሚመጣውን፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሰው እንደሚያውቅ ጻፈ። መልስ 20 በቁጣ ወረደበት። ስንት ወር ፀሐይ ላይ እንደቆየ የማይታወቅ ኪኒን ለአንጎል በሽተኛ ትመክራለህ ወይ፣ ውስጡ ኖራ ይሁን መድኃኒት በምን አየኸው አለው። ቃሉ ሻካራ ነበር። እኔ ግን ከ20ኛው ጋር ነኝ። 19ኛው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ዋጋው ያስመረረው ሰው ነው። እኛም ባለፈው ወር የወንድሜ ደመወዝ እስኪገባ ጠብቀን ነው የገዛነው።

መልስ 21 ስለ ሰዓት ነው። ማዘዣው ላይ 8 ሰዓት ጠዋት፣ 8 ሰዓት ማታ ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎላቸው ነበር። አባቱ በእኛ ሰዓት አነበቡት። ለአራት ወር ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት ዋጡ። መሃሉ 12 ሰዓት ስለሆነ የመድኃኒቱ ልክ አልተዛባም። ግን አባቱ በየሌሊቱ በማንቂያ ደወል ይነሱ ነበር፣ እንቅልፍ አጡ፣ ጣላቸው። አሁን ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። እኔም ወዲያው የእናቴን ወረቀት አውጥቼ አየሁ።

መልስ 22 ሚስት ናት። ባሏ ኬፕራ ከጀመረ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። በትንሹ ይቆጣል፣ ሳህን ይወረውራል፣ ኋላ ደግሞ ይቅርታ ብሎ ያለቅሳል። ቤተሰቡ ዕጢው ጠባዩን ቀየረው አለ። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰው ላይ ቁጣና ትካዜ እንደሚያመጣ ነገራት። ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መድኃኒት አሻገረው። በሦስት ሳምንት ባሌ ተመለሰልኝ አለች። በራሷ አለማቆሟን ሁለቴ አስምራበታለች።

መልስ 23 የባጃጅ ሾፌር ነው። ከኦፕሬሽን በኋላ አንድ ጊዜ ጥሎታል። ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በባጃጁ ነው። ሐኪሙ እስኪፈቅድለት እንዳይነዳ ከልክሎታል፤ ባጃጁን ለሌላ ልጅ አከራየ። ጫትም ትቷል። ከምሳ በኋላ ሲቅም ሌሊቱን እንደማይተኛ፣ ማታ ኪኒኑንም እንደሚረሳ ራሱ አስተውሎ ነው። በድሬ ከበርጫ መቅረት ከጓደኛ መቅረት እንደሆነ ጻፈ፤ ከእናንተ ሌላ የሚያወራው ሰው እንደሌለውም። ሰባት ሰዎች ስልኩን በግል ጠየቁት። ይህን ሳይ ደስ አለኝ።

መልስ 24 ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ነው። ወንድሙ ለጀርባ ሕመም ትራማዶል ወስዶ በሦስተኛው ቀን ጣለው። ትራማዶል መጣልን ሊቀሰቅስ ይችላል። ለኢንፌክሽን የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ። የትኩሳት ነገር ደግሞ አለ፤ ወባና ደንጊ በሚበዛበት ሰሞን ትኩሳትን በቸልታ አትዩት አለ። ማንኛውም ሐኪም ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስዳለች በሉ።

መልስ 25 ፌኖባርቢታል የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወጣት ናት። ርካሽና በየጤና ጣቢያው የሚገኘው እሱ ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛታል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል ትወስድ ነበር፤ ፌኖባርቢታል የእንክብሉን ኃይል እንደሚቀንስ ማንም አልነገራትም። ልጇን አሁን በጣም ትወዳታለች፣ ግን አስቀድሞ ማወቅ ነበረብኝ አለች። ጥያቄም ነበራት፦ ሁለት ዓመት ስላልጣላት ታቁም ወይ? ነርሷ ከሥሩ መለሰችላት። ሁለት ዓመት መልካም ዜና ነው፣ ሐኪሙም ስለ ማቆም ሊያስብበት ይችላል። ግን ፎቶው ታይቶ፣ በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ነው። ፌኖባርቢታልን በአንድ ቀን መጣል ያለማቋረጥ የሚጥል አደጋ ያመጣል።

መልስ 26 የከዚራዋ ሴት ናት፣ ያቺ የመጀመሪያዋ። እናትሽ እንዴት ሆነች ብላ ጠየቀች።

እዚሁ ልመልስላት። ከረቡዕ ወዲህ አልጣላትም። አንድ ደብተር ገዝተናል። እያንዳንዱን ኪኒን ስትውጥ ራሷ ምልክት ታደርጋለች፣ በቀኝ እጇ። ሁለት ፍሬ ሁልጊዜ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች፤ ለቅሶም ሠርግም ብትሄድ ከእሷ ጋር ነው። የዕድር ጓደኞቿን ትናንት ቡና ጠርታ ራሷ ነገረቻቸው። ከጣለኝ በጎኔ አስተኙኝ፣ ክብሪት አትጫሩብኝ አለቻቸው። ክብሪት የጫረችው ጎረቤታችንም እዚያው ነበረች፤ እጇን ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻት።

የባቡር ቲኬት ቆርጠናል። ኤምአርአዩ በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ውጤቱን እዚሁ ክር ላይ እጽፋለሁ።